ንቦቹ የነገሩን፣ ንቦቹ ያልነገሩን

ጎንደር ሄዶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳያይ የተመለሰ ሰው «ጎንደርን አየሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ሥላሴን አይቶ የንቦቹን ነገር ሳይሰማ የተመለሰስ ይኖራል? አይመስለኝም። አስጎብኚው ይነግራችኋል፤ ቄሱ ይነግሯችኋል፤ ከበሩ ፊት ለፊት ጧፍ የምትሸጠው ሴት ትነግራችኋለች። ዝም ብላችሁ ካዳመጣችኋት ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምራ ትደግምላችኋለች።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን የንቦቹን ነገር እንደገና ለመተረክ ብቻ አይደለም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች አፈ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ሆነን እንለያያለን። አንዱ ወገን «ተረት ነው፣ ሰነድ አምጡ» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን የነገሩንን ነገር ምን ሰነድ ያሻዋል» ይላል። ክርክሩ በቡና ይጀመርና በኩርፊያ ያልቃል። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ፦ አፈ ታሪኩ እውነት ነው ሐሰት ነው ከማለታችን በፊት፣ ስለ ምን ይናገራል? ስለ ምንስ ዝም ይላል? በዚህ ጥያቄ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች እንመርምራቸው። (የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ሁሉ በኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ነው።)

፩

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በእግር ብዙ በማያስኬድ መንገድ፣ በዛፍ የተከበበ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ዐይን የሚያርፈው በዐጥሩ ላይ ነው። ግንቡ ዙሪያውን የከበበ ሲሆን 12 ክብ ማማዎች አሉበት፤ 12ቱ ሐዋርያት ናቸው ይባላል። የመግቢያው በር የተሠራበት ትልቁ ግንብ 13ኛው ነው፤ እሱ ክርስቶስ ነው። ቅርጹንም በደንብ ላየው የተቀመጠ አንበሳ ይመስላል፤ የይሁዳ አንበሳ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ትርጓሜ ሳትሰሙ ብትገቡ ድንጋይና ኖራ ብቻ ታያላችሁ፤ ሰምታችሁ ስትገቡ ግን ወንጌል በድንጋይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ያሠራት ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ ነው። የነገሠው ከ1674 እስከ 1699 ዓ.ም. ነው። ስሟን የወሰደችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ ከመሠረቱት ከደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ቅዳሴ ቤቷ በ1686 ዓ.ም. ተከበረ። ኢያሱ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ አክሱም ወርዶ ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው የታቦተ ጽዮንን ሣጥን ካህናቱ በቁልፍ እየከፈቱ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አልከፈት አላቸው፤ በኢያሱ ፊት ግን በራሱ ተከፈተ። ከዚህ በመነሣት የጎንደር ሰው ሌላ አፈ ታሪክ ይጨምርበታል፦ ኢያሱ ደብረ ብርሃንን ያሠራው ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አምጥቶ ሊያስገባባት ነበር ይላል። እንግዲህ 12ቱ ሐዋርያት በዙሪያዋ የቆሙት ለዚህ ክብር ነበር ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጣራውን ቀና ብላችሁ ስታዩ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ቁልቁል ያያችኋል፤ ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው። ዐይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ የትም ብትቆሙ አንዱ ሳያያችሁ አይቀርም። ትርጓሜውም ይኸው ነው፤ ከእግዚአብሔር ፊት መሸሸጊያ የለም ለማለት ነው። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌዎች አምሳል ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው ስቅለቱ አለ። በሌላው ወገን ጊዮርጊስና ሌሎቹ ሰማዕታት በፈረስ ላይ ናቸው። ሲኦልም አልተረሳም፤ ዲያብሎስ በእሳት መካከል ቁጭ ብሏል። ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ ይህ ግድግዳ መጽሐፉ ነበር።

አሁን ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ያደነቅነው ቤት የኢያሱ ቤት አይደለም። ኢያሱ ያሠራት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበረች፤ የመሠረቷ ምልክት ዛሬም ይታያል። እሷ በ1700 ዓ.ም. አካባቢ በመብረቅ ተመትታ ጠፋች። ዛሬ የምናያት አራት ማዕዘን፣ ሣር ክዳን ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት። ሥዕሏም ከኢያሱ ዘመን ብዙ የዘገየ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው የዐፄ ዕጓለ ጽዮን ሥዕል በግድግዳዋ ላይ ይገኛል። ይህን ከበሩ ቆሞ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ሰው ነው። «ኢያሱ ያሠራት፣ ንቦች የጠበቋት» ይባላል፤ መብረቁ ከመካከል ይዘለላል። መብረቅ ከሰማይ ነዋ የሚመጣው! ከሰማይ የመጣ እሳት አቃጠላት ማለት ለአፍ ይከብዳል።

ይህ የመጀመሪያው ዝምታ ነው።

፪

የንቦቹ ነገር እንዲህ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገቡ። ከተማዋን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ አቃጠሉ። በመጨረሻ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከግቢው ውስጥ የንብ መንጋ እንደ ደመና ተነሥቶ ወረደባቸው፤ ፈረሱም ሰዉም ተደነባብሮ ቁልቁል ሮጠ። አንዳንዱ ይጨምራል፦ ቅዱስ ሚካኤል የእሳት ሰይፉን መዝዞ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ንቦቹ የእሱ ጭፍሮች ናቸው። በዚህ ዐይነት ከአርባ አራቱ የጎንደር አድባራት መካከል ከነሥዕሏ ተርፋ የኖረች እሷ ሆነች።

እኛ ስንጎበኝ ይህን የነገሩን አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ፣ ሰነድ ወዳድ የሆነው፣ «አባ፣ ንቦቹን በዐይኑ ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ንቦቹ ባይኖሩ አንተ ዛሬ ምኑን ልታይ ትመጣ ነበር?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። መልሱ በሰነድ አያስኬድም፤ ግን ሞኝ መልስ አይደለም። አባ እየነገሩን ያሉት፣ ማስረጃው ቤቲቱ ራሷ ናት ነው። ሣር ክዳን ቤት፣ እሳት በያዘ ሠራዊት መካከል፣ እንዴት ቆመች? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እስኪመጣ ድረስ ንቦቹ መልስ ናቸው።

ንብ ደግሞ ለዚህ ሥራ በዘፈቀደ አልተመረጠችም። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም አይታ መንግሥቱን ዐወቁለት አለች፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ባለችው በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸው ለፈውስ ይሰጣል። ጧፉ ከሰም ነው፤ የሰንበቴው ጠላ አጠገብ ጠጁ ከማር ነው። ንብ በደጋው ሰው ዘንድ ግማሽ ካህን ናት ማለት ይቻላል፤ ትሠራለች፣ ታበራለች፣ በመጣባት ላይ ደግሞ ትነድፋለች። የሀገራችን ንብ ቁጡ መሆኗን ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በአሮጌ ግንብና በአሮጌ ዛፍ ውስጥ መንጋ መኖሩ፣ ጩኸትና ሁካታ ሲደርስበትም ግልብጥ ብሎ መውጣቱ ተአምር አያስፈልገውም። ስለዚህ «ንብ ሠራዊት ሊመልስ አይችልም» ብሎ የሚከራከረው ጓደኛዬ፣ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ንብ አያውቅም።

እንግዲህ ንቦቹን አናባርራቸው። ግን ብቻቸውን አይደሉም፤ ሩቅ አገር ዘመድ አላቸው።

፫

የጎንደርን ግንብ ያነሣ ሰው ህንድን ማንሣቱ አይቀርም። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ዘንድ ወደ ዐፄ ፋሲለደስ የተላከው ሐሰን አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ አድንቆ ሲጽፍ፣ ያነፀው ሰው ህንዳዊ መሆኑን ነግሮናል። በኖራ መገንባትም ከዚያ ቀደም ሲል በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጀስዊቶች ጋር በህንድ በኩል በመጡ ግንበኞች እጅ ተስፋፍቷል። ፋሲለደስ ጀስዊቶቹን አባረረ፤ ኖራውን ግን አላባረረም።

መልእክተኛም ተመላልሷል። በ1657 ዓ.ም. አካባቢ የጎንደር መልእክተኞች ዴልሂ ደርሰው በሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ፊት ቀርበዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሖጃ ሙራድ የሚባለው አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ያን ጊዜ ዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒዬ አግኝቷቸው ጽፎላቸዋል። ይዘውት የተነሡት ገጸ በረከት ፈረስ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በበሬ ቀንድ የተሞላ ዝባድ፣ ከዚያም ባሪያዎች ነበሩ። አዎን፣ ባሪያዎች፤ ይህንንም አንዝለለው። አውራንግዜብ በበኩሉ በኢትዮጵያ ውስጥ ለፈረሰ አንድ መስጊድ ማሠሪያ 2,000 ሩፒ ሰጠ ይላል በርኒዬ።

እንግዲህ ይህ አውራንግዜብ በሀገሩ አፈ ታሪክ ውስጥ በንብ የተባረረ ንጉሥ ነው!

በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጀስታን፣ በሲካር አውራጃ፣ በአራቫሊ ተራሮች መካከል ጂን ማታ የሚባል ታላቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። (ጂን ሲባል የኛ አገር ጂኒ እንዳይመስላችሁ፤ የሴት ስም ነው። ማታም እናት ማለት ነው።) የቤተ መቅደሱ አፈ ታሪክ ከቤት ጠብ ይጀምራል። ጂንና ሐርሽ እኅትና ወንድም ነበሩ፤ እጅግ ይዋደዱ ነበር። ሐርሽ ሚስት አገባ። አንድ ቀን ጂንና የወንድሟ ሚስት ውሃ ቀድተው እንስራ ተሸክመው ሲመለሱ ተወራረዱ፦ ሐርሽ አስቀድሞ የማናችንን እንስራ ያወርዳል? ሐርሽ ውርርዱን አያውቅም፤ የሚስቱን አስቀድሞ አወረደ። ጂን አዝና ወደ ተራራ ገብታ መነነች። ወንድሟ ተከትሎ ለመናት፤ እምቢ አለች። እሱም ቤቱን ትቶ በአጠገቧ ባለው ተራራ ላይ መነነ። እሷ በአንዱ ተራራ፣ እሱ በሌላው። ሕዝቡም ለሁለቱም መቅደስ ሠራላቸው።

አንባቢዬ፣ ይህን ስሰማ የኛ አገር ገዳማት ትዝ አሉኝ። በእንስራ ምክንያት የመነነች እኅት በሰሜን ተራራዎችም ብትኖር ማን ይገረማል?

ከዚያ የአውራንግዜብ ሠራዊት የጂን ማታን መቅደስ ሊያፈርስ መጣ ይባላል። ካህናቱ ወደ እመቤታቸው ጮኹ። ከተራራው የንብ መንጋ ወጣ፤ ሠራዊቱን ነድፎ በተነው። ንጉሡም ፈርቶ ለመቅደሱ መብራት የሚሆን ዘይት ከዴልሂ ለመላክ ተሳለ ይላሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴና ጂን ማታ በሃይማኖት አይገናኙም፤ በቋንቋ አይገናኙም፤ አንዱ ከሌላው ሰምቷል የሚያሰኝ ምልክትም የለም። ነገር ግን ሁለቱም ኮረብታ ላይ ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ታላቅ ሠራዊት ይመጣል፤ በሁለቱም ዘንድ ሰው ያቃተውን ንብ ይመልሳል። ለአጋጣሚው ያህል ልጨምርላችሁ፦ የደብረ ብርሃን መሥራች ኢያሱና የጂን ማታ ጠላት አውራንግዜብ ሁለቱም በአንድ ዓመት ሞቱ፤ በ1699 ዓ.ም.። አውራንግዜብ አርጅቶ በየካቲት ሞተ። ኢያሱ ግን በጥቅምት በጣና ደሴት ላይ ተገደለ፤ ያስገደለውም የገዛ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነው።

አሁን ደግሞ ከእኅቲቱ መቅደስ ወደ ወንድሟ ተራራ ቀና ብለን እንይ። በሐርሽ ተራራ ላይ ከ10ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበረ ጥሩ የድንጋይ መቅደስ ፈርሶ ይታያል፤ በ1671 ዓ.ም. ገደማ የአውራንግዜብ ሠራዊት አፈረሰው ይባላል። ንቦቹ ለእኅት ደረሱ፤ ለወንድም አልደረሱም። የጂን ማታን ንቦች የሚተርክ ብዙ ነው፤ በሐርሽ ፍርስራሽ ላይ ንቦቹ የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ጎንደር እንመለስ። በኛም ዘንድ አንዷ ዳነች። ሌሎቹስ?

፬

ለመሆኑ ደርቡሾች ለምን መጡ? አፈ ታሪኩ ይህን አይነግረንም። በአፈ ታሪክ ውስጥ ጠላት እንደ ውርጭ ነው፤ ምክንያት የለውም፣ ይመጣል። ሰነዱ ግን ምክንያት አለው።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል ተዋዋሉ። በሱዳን በመሐዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ዮሐንስ ሊረዱ ተስማሙ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ እንግሊዞች ግን ጥቂት ቆይተው ምጽዋን ለኢጣልያ አሳልፈው ሰጡ። ለኛ የተረፈን የመሐዲስቶቹ ጠላትነት ነበር። ከዚያ በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የመሐዲስቶቹን ጦር ደመሰሱ፤ ከተማዋንም አቃጠሉ። ልብ በሉ፤ ጎንደር ከመቃጠሏ ከአንድ ዓመት በፊት መተማ ተቃጥላለች፤ ያቃጠልናትም እኛ ነን።

በ1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ ዐንጃ ብድሩን ሊመልስ መጣ። በጥር ወር በደምብያ፣ በሳር ውሃ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተሸነፈ። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ባዶ ሆነ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አድባራቱ ነደዱ፤ እናቶችና ሕፃናት ተማርከው ወደ ሱዳን ተነዱ። ይህ ሐሰት የሌለበት፣ የሚያስለቅስ ታሪክ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በኋላ ለአቡ ዐንጃ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊ ነው፣ እርስ በርስ አንተላለቅ የሚል የሰላም ደብዳቤ ልከው ነበር፤ የተመለሰላቸው ስድብ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ከተማ ነደደ፤ አንድ ንጉሠ ነገሥት ሞተ፤ በሁለቱም ወገን የወደቀው ሕዝብ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ንቦቹ የመረጡልን አንድ ቀትርን ብቻ ነው።

ግን ከዚህ የባሰ ዝምታ አለ። ጎንደር በ1880 ስትቃጠል አዲስ አልነበረችም። ከዚያ 21 ዓመት በፊት፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ገብተው ከተማዋን ዘርፈዋል፤ አድባራቷን አቃጥለዋል። ከዚያም በፊት አንድ ጊዜ ዘርፈዋታል። ምክንያቱ ከንጉሡ አኳያ ግልጽ ነው፤ ከተማዋ ለዐመፀኞች አድልታለች፣ ካህናቷ ንቀውኛል፣ ግምጃ ቤቴ ባዶ ነው። የዘመኑ ጸሐፊ ዓለቃ ወልደ ማርያም በዜና መዋዕሉ ሳይሸፋፍን ጽፎታል። ከጎንደር አድባራት የተለቀመው መጽሐፍ፣ መስቀልና ከበሮ መቅደላ ላይ ሊሠራ ለታሰበው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ወጣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያን ሁሉ ተሰብስቦ አገኙት። በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወስደው በሐራጅ ሸጡት፤ ከብራናው ወደ 350 የሚጠጋው ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ገባ።

እኛ ዛሬ «የመቅደላ ቅርስ ይመለስ» እንላለን። እውነት ነው፣ ይመለስ። ግን የት? መቅደላ ቤቱ አልነበረም። ብዙው የጎንደር ነበር። መቅደላ እንዴት እንደ ወጣ ሳንናገር፣ ከመቅደላ እንዴት እንደ ወረደ ብቻ እየተናገርን ኖረናል።

ይኸው ሰነድ ወዳዱ ጓደኛችን እንደ ገና እጁን አወጣ። «አባ፣ ቴዎድሮስ ሲመጡስ ንቦቹ የት ነበሩ?» አላቸው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ደነገጡ፤ አንዷ ክንዱን ጎተተችው። አባ ጥቂት ዝም አሉ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ቀስ ብለው «እሱማ የቤት ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እሱማ የቤት ነው! ብዙ የታሪክ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህች እንደ ሦስት ቃል ያስተማረኝ የለም። የውጭ ሰው ያቃጠለው ይተረካል፣ ይሣላል፣ ይዘመርለታል፤ የቤት ሰው ያቃጠለው በዝምታ ይሸፈናል። ንቦቹ የሚነሡት በባዕድ ላይ ብቻ ነው። የአባ ዝምታ አለማወቅ አልነበረም፤ ያውቃሉ። የጎንደር ሰው ያውቃል። ግን ቴዎድሮስ የቋራ ልጅ ናቸው፤ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ደግሞም እንወዳቸዋለን። የምንወደው ሰው ያደረሰብንን ነገር የምንናገርበት ቋንቋ ገና አልሠራንም።

፭

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የሀገሬ ሰው። ተረቱ እውነት ነው። አፈ ታሪክ በጠቅላላው የተወጋ ሰው ማስታወሻ ነው። ጎንደር መወጋቷን ታስታውሳለች፤ መተማን መውጋታችንን ግን አታስታውስም። መተማም በበኩሏ የራሷ አፈ ታሪክ ይኖራት ይሆናል፤ ምናልባትም በዚያ ዘንድ ንቦቹ የሚያባርሩት እኛን ነው። ወጊውም ተወጊውም ከአንድ ቤት ሲሆኑ ግን ተረቱ ራሱ ይቸገራል፤ የተወጋውም ዝም ይላል።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ዛሬም በሀገራችን አራት ማዕዘን «ቤቴን አቃጠሉብኝ» የሚል ትረካ ሞልቷል፤ አብዛኛውም እውነት ነው። «አቃጠልኩ» የሚል ትረካ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም የተቃጠለበት ከሆነ፣ ያቃጠለው ማነው? ልጆች በየቤታቸው የሚሰሙት ግማሹን ነው፤ ያም ግማሽ እየተደመረ ሌላ እሳት ይሆናል። የታሪክ ተማሪ ሌላው ግማሽ የት ሄደ ብሎ ካልጠየቀ ማን ሊጠይቅ ነው?

ስለዚህ ለሁለቱ ወገን ጓደኞቼ የምለው አለኝ።

ለሰነድ ወዳዶቹ፦ በንቦቹ አትሳቁ። ዐፈር ላይ ያለች ሣር ክዳን ቤት ከነመላእክቷ ተርፋ ትውልድ እንዲያያት ያደረገው የሕዝብ ፍቅር ነው፤ ያ ፍቅር የሚናገርበት ቋንቋ ደግሞ ይህ አፈ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ በዩኔስኮ ከፋሲል ግቢ ጋር ከመመዝገቧ በፊት የመዘገቧት ንቦቹ ናቸው። ቄሱ፣ ጧፍ ሻጯ፣ ደብተራው፣ ይህን ትረካ ሲደጋግሙ ቤቲቱን እየጠበቋት ነው። ያልተተረከ ቤት ቶሎ ይፈርሳል።

ለአፈ ታሪክ ወዳዶቹ ደግሞ፦ ትረካው የጎደለውን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መብረቁን መጥቀስ ሥላሴን አያሳንስም። መተማን መጥቀስ የጎንደርን እንባ አያደርቅም። በ1859 የሆነውን መናገርም ቴዎድሮስን ከልባችን አያወጣቸውም፤ እንዲያውም ከሐውልት አውርዶ ሰው ያደርጋቸዋል። በመቅደላ የሞተውን ጀግና የሚያከብር ሰው፣ በጎንደር የነደደውን ድጓም ሊያለቅስለት ይችላል። ልብ ለሁለቱም ቦታ አለው።

ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየሀገራችን እንበተናለን። ከመካከላችን አያት የሌለው ጥቂት ነው፤ አድባር፣ ገዳም፣ መስጊድ፣ የወደቀ ግንብ የሌለበት ወረዳም ጥቂት ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ማን እንዳቃጠለባቸው ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ደግሞ፣ በትሕትና፣ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ፣ እኛስ የማንን አቃጠልን ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ እንደ አባ ዝም ብሎ «እሱማ የቤት ነው» ይላል።

የቤት የተባለውንም ጻፉት። የእኛ ነውና።